በወንዛዬ የተጠባው አውራ ጣት

ወንዛዬ ፍል ውኃ ዳር የነበርነው እነዚህ ነን። የጣሊያኑ ሹም ከትልቁ ድንጋይ ፊት እግሩን አንፈራጦ ቆሟል። ሚስቱ በቀኙ፣ ከሸራው ጥላ ሥር፣ ፎቶ ማንሻዋን ደረቷ ላይ አንጠልጥላለች። ያን ቀን ስድስት ዓመት የሞላው ልጃቸው ከጠረጴዛው ራስ ወንበር ላይ ተጎልቷል። ውሻቸው ከወንበሩ ሥር ተኝቷል። አስተርጓሚው ከሹሙ በስተግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ቆሟል። አባቴ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ከሹሙ ፊት ናቸው። አራት ዓመት ያልሞላው ታናሽ ወንድሜ በሁለቱ መካከል ነው። እናቴ ከሁሉም ራቅ ብላ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ቆማለች። እኔ የማሩን ቅል ታቅፌ ከእናቴ ጎን ነኝ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ከፍል ውኃው የተባረሩት በሽተኞች በተርታ ተቀምጠው ያዩናል።

ሌሎች ሁለት ሦስት ሹማምንትም ከነልጆቻቸው ነበሩ። ከጥላው ወዲያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የተሰጣቸውን ይበላሉ። ከዚህ ነገር ውስጥ ስላልገቡ እተዋቸዋለሁ።

ዕድሜዬ ዘጠኝ ገደማ ነበር። ገደማ የምለው የተወለድኩበትን ቀን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው። እናቴን ስጠይቃት፣ “የገብስ አጨዳ ላይ ነው፤ ምጡ የያዘኝ ነዶ ተሸክሜ ስገባ ነው” ትለኛለች። ከዚያ አልፎ የቀን ቁጥር ፈልጋ አታውቅም። የክርስትናችን ቀን ይታወቃል፤ የተወለድንበት ግን እንደማንኛውም ሥራ ተሠርቶ ያለፈ ነው።

ወንዛዬ ያወረደን የእናቴ ወንድም መታሰር ነው። አጎቴ ገበሬ ነበር። ጫካ ለገቡት አርበኞች እህል አቀብለሃል ተብሎ ከአውድማ ላይ ተያዘና ደብረ ታቦር እስር ቤት ገባ። እናቴ በየቀኑ ስንቅ በአገልግል ታደርስለት ነበር። ዘበኛው ከደጅ ይቀበላታል፤ የቀድሞውን ባዶ አገልግል ይመልስላታል። ወንድሟን አታየውም። ባዶው አገልግል ከተመለሰ ግን በልቷል ማለት ነው፤ ከበላ ደግሞ አለ። እሷም አገልግሉን ከፍታ ውስጡን ታይና ወደ ቤት ትመለሳለች።

አባቴ ለጣሊያን ቀድመው ከገቡት ሰዎች አንዱ ነበሩ። በዚህም የሰፈሩን ሹመት አገኙ። ለአጎቴ ግን አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም ነበር። እናቴ ስትጠይቃቸው “ጊዜው ይምጣ” ይሏታል።

ጊዜው የመጣው አስተርጓሚው ቤታችን በመጣ ዕለት ነው። ከደጃፉ ላይ ሳይቀመጥ ተናገረ።

“ጌታው ቅዳሜ የልጃቸውን ልደት ወንዛዬ ወርደው ያከብራሉ። ልጆች ያሏችሁ ሹማምንት ከነልጆቻችሁ ኑ ብለዋል። ልጁ የሚጫወተው አጥቶ ቤቱን አውኮታል።”

“የማን ልደት?” አሉ አባቴ።

“የልጁ።”

“ታሞ ነበር እንዴ? ስለት ነው?”

“አልታመመም። የተወለደበት ቀን ነው።”

“ተወልዶ ስድስት ዓመቱ አይደለም እንዴ?”

“በየዓመቱ ያከብሩታል፣ ጌታዬ።”

እናቴ ከጓዳ ሆና፣ “እኛ የምናውቀው የጌታን ልደት ነው። እሱም ቢሆን ጾሙ አላለቀም” አለች። የነቢያት ጾም ላይ ነበርን።

አባቴ አስተርጓሚውን ሸኝተው ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። ተቀምጠው ጭናቸውን መታ መታ አደረጉ።

“ልጁን የጡት ልጅ አደርግለታለሁ” አሉ።

በእኛ አገር አንድ ሰው ከሥጋ ዘመዱ ውጭ አባት ሲፈልግ የሚያደርገው ነው። ጥገኛው፣ ልጅም ይሁን ትልቅ ሰው፣ የታላቁን ሰው ጡት ወይም አውራ ጣት በማር ተቀብቶ ይጠባል። ከዚያ ወዲያ የጡት አባትና የጡት ልጅ ናቸው። ያጠባ ሰው የጡት ልጁን ዘመድ አይበድልም፤ የጠባም አባቱን አይከዳም። ይህን ያፈረሰ ሰው ሲጠቀስ የሚተፋ ሽማግሌ አይቻለሁ።

“ለጣሊያን?” አለች እናቴ።

“ለማንስ ቢሆን! የጡት አባት ከሆነ በኋላ የልጁን አጎት አስሮ ሊያኖር ነው? ምን ፊት አለው?”

“አንቱ፣ ሰውየው የእኛን ወግ ያውቃል?”

“አስተርጓሚው ምን ይሠራል ታዲያ? ይነግረዋል።”

እናቴ፣ “ማሩ ከየት ይመጣል?” ብላ ጠየቀች። በዚህ ተስማማች ማለት ነው።

ነጭ ማር ከአንበሳሜ ገበያ መጣ። ለወንድሜ አዲስ እጀ ጠባብ ተሰፋለት። ቅዳሜ ጠዋት በካሚዮን ተጫንን። መኪና ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። የቤንዚኑ ሽታ ከወለሉ እየወጣ አፍንጫ ይገባል። ወረታ ሳንደርስ ወንድሜ አስመለሰው። በእኔ ጉልበትና በአዲሱ ልብሱ ላይ ነው ያስመለሰው። አባቴ፣ “ልብሱን! ልብሱን አደራ!” እያሉ በእናቴ ነጠላ ጫፍ ደረቱን ይጠርጉታል። የልጁን አፍ የጠረገችው ግን እናቴ ነች፣ በመዳፏ። ሐሙሲትን አልፈን ወደ ወንዛዬ እስክንታጠፍ ድረስ ያ ሽታ ከእኛ ጋር ነበር።

ስንደርስ ወታደሮች ቀድመውን በሽተኞቹን ከውኃው እያስወጡ ነበር። ቁርጥማት ያለበት፣ ቁስል ያለበት፣ ከሩቅ አገር በቃሬዛ የመጣ ሁሉ እርጥብ ልብሱን እንደያዘ ወደ ማዶ ይነዳል። አንዲት እግሯ የቆሰለ ሴት በእናቴ አጠገብ ስታልፍ ቆመችና ከላይ እስከ ታች አየቻት።

“እናንተስ ምናችሁን ታማችሁ መጣችሁ?” አለቻት።

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳበች።

“አይ፣ ገባኝ። የእናንተው ይብሳል” ብላ እያነከሰች ሄደች።

ፍል ውኃው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። በሽተኞቹ ለዚያ ሽታ ቀናት ይጓዛሉ፤ መድኃኒት ነው ብለው ያምኑበታል። የሹሙ ልጅ ራቁቱን ገባ። እጁን ውኃው ላይ እየመታ ጮኸ። ቀጥሎ ከድንጋዩ ላይ ወጣና ሁላችንም እያየነው ወደ ገንዳው ሸና። እናቱ ሳቀች። አባቱ አጨበጨበ። ይህን ሲያዩ ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት የእኛ ሹማምንትም አጨበጨቡ። አባቴም ባርኔጣቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው አጨበጨቡ።

ሚስትየዋ ሌሎቹ ልጆችም ይግቡ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠች። አባቴ የወንድሜን ልብስ ያወልቁ ጀመር።

“አሁን የሸናበት ነው እኮ” አለች እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ።

“የልጅ ሽንት ምን አለው?”

“የልጅ ሽንትማ በየቀኑ አጥባለሁ። የተጨበጨበለት ግን ይሄ ነው።”

አባቴ ወንድሜን ክንዱን ይዘው እስከ አንገቱ ነከሩት። ውኃው ስላቃጠለው አለቀሰ። ከማዶ አንድ ሽማግሌ፣ “ልጁን ቀስ በቀስ ነው የሚያስገቡት!” ብሎ ጮኸ። ወታደሩ አለንጋውን ሲያነሳበት ዝም አለ።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ኬኩ ቀረበ። ያኔ ስሙን አላውቀውም፤ የተቀባ ነጭ አረፋ ያለው ዳቦ ነበር የመሰለኝ። አረፋው ከሙቀቱ ቀልጦ በጎኑ ወርዷል። ዝንብ ከበሽተኞቹ ቁስል ተነሥቶ ይመጣል፤ አረፋው ላይ ያርፋል፤ እግሩ ሲጣበቅ ይፍጨረጨራል። ስድስት ሻማ ሰኩበትና ለኮሱት። እኛ ጧፍ በትንፋሽ አናጠፋም። ልጁ ጉንጩን ነፍቶ እፍ አለበት። አንድ ጊዜ አልጠፋለትም። ደግሞ፣ ደግሞ እፍ አለ። ምራቁ ሲረጭ ከቆምኩበት ይታየኝ ነበር። ጠፋለትና ተጨበጨበ። ያንኑ ቆርሰው ለሁላችን ያድሉ ጀመር።

“እፍ ብሎበት ደግሞ ያበሉናል?” አለች እናቴ።

አሁን በየቤቱ ለሕፃናት ልደት ይደረጋል። የልጅ ልጆቼ ይጠሩኛል፤ እሄዳለሁ። ሻማው ሲለኮስ ግን ውኃ ልጠጣ ብዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ሲጨበጨብ ሰምቼ እመለሳለሁ። ቁራሼን የሚበላልኝ ሕፃን አይጠፋም።

እናቴ የተሰጣትን በነጠላዋ ሥር ይዛ ቆየችና ወደ ሣሩ ጣለችው። እኔም እንደሷ አደረግሁ። አባቴ ግን በሉ። ጾም የማይሽሩ ሰው ነበሩ፤ ታመውም ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል አይቀምሱም። እንቁላልና ቅቤ ያለበት መሆኑን አስተርጓሚው ነግሯቸዋል። ሹሙ ስላያቸው ሁለተኛ ቁራሽም ተቀበሉ። አረፋው ጢማቸው ላይ ቀርቶ ነበር። እናቴ እያየቻቸው መሆኑን ሲያውቁ፣ “ለወንድምሽ ነው” አሏት። ሲናገሩ ነጩ ነገር ከከንፈራቸው ጋር ይነሣል፣ ይወርዳል።

ከዚያ ነው ሁላችንም መጀመሪያ በጻፍኩት ቦታ የቆምነው።

አባቴ አጎነበሱና አስተርጓሚውን፣ “ንገርልኝ፣ ልጄ” አሉት። “ልጄን ልጅዎ ላደርገው ነው ያመጣሁት በላቸው። በአገራችን ወግ አውራ ጣትዎን በማር ይጠባል፤ ከዚያ ወዲያ የእርስዎ ነው። የእኛም ቤት የእርስዎ ነው በላቸው።”

አስተርጓሚው ተናገረ። ብዙ ተናገረ። በደንብ እንደነገረው አውቃለሁ፤ ደረቱን፣ ጣቱን፣ ቅሉን፣ ወንድሜን እያመለከተ ነበርና። ሹሙ እየሰማ ቅንድቡ ከፍ አለ። ሚስቱን ጠራት። ለሷም ነገራት። ሳቀችና ፎቶ ማንሻዋን አዘጋጀች።

“ምን አሉ?” አሉ አባቴ።

“እሺ ብለዋል።”

አባቴ ማሩን አምጪ አሉኝ። ቅሉን መሬት ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። ማሩ ላይ አንዲት የሞተች ንብ ነበረች፤ ንጹሕ ማር ላይ የማትጠፋ ናት። ሚስትየዋ አይታ አፍንጫዋን ያዘች። ቅሉን በእግሯ ገፋ አደረገችው። ሹሙ ዞር አለና አውራ ጣቱን ዝንቦቹ ካረፉበት ኬክ ውስጥ ነክሮ አወጣው።

አባቴ ትንሽ ደነገጡ። “ማር ነበር የሚሆነው” አሉ። አስተርጓሚው አልተረጎመውም። አባቴም አልደገሙትም።

ጣቱ ወፍራም ነበር። ጥፍሩ በትምባሆ ቢጫ ሆኗል። ወንድሜ አየውና ጥርሱን ገጠመ። አባቴ ራሱን ከኋላ ይዘው ወደ ጣቱ ገፉት። ልጁ ፊቱን አዞረ። አባቴ በሌላው እጃቸው ጉንጩን ጨምቀው አፉን ሊከፍቱት ሞከሩ። አረፋው ከንፈሩንና አፍንጫውን ለቀለቀው። ማልቀስ ጀመረ።

እናቴ ያን ጊዜ ከነበረችበት መጥታ ከልጁ ፊት በርከክ አለች። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። ልትወስደው መስሎኝ ነበር።

“ጥባ፣ የኔ ጌታ” አለችው። “ለጋሼ ነው። ጋሼ ይፈታል። ጥባ።”

ጋሼ የምንለው አጎታችንን ነው። ወንድሜ አጎቱን ይወድ ነበር። አፉን ከፈተና ጠባ። ሹሙ ሳቁ አምልጦት ሆዱ ተንቀጠቀጠ። ሚስቱ ፎቶ አነሣች፤ አንዴ ቀና በል ብላ ደግማ አነሣች። እናቴ ዓይኗን ከልጁ አልነቀለችም።

ሹሙ ጣቱን ከወንድሜ አፍ አወጣው። ቀና ሳይል እጁን ወደ ወንበሩ ሥር ዘረጋ። ውሻው ተነሥቶ ያንኑ ጣት ላሰው፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ ላሰው። ሹሙ አንድ ነገር ተናገረና ሚስቱና ልጁ በሳቅ ፈነዱ።

“ምን አሉ?” አሉ አባቴ።

አስተርጓሚው መሬት መሬት እያየ፣ “ዛሬ ሁለት ልጅ ወለድኩ አሉ” አላቸው።

አባቴ ሳቁ። ከጣሊያኖቹ እኩል ሳቁ።

እናቴ ወንድሜን አንሥታ ወደ ውኃው ወሰደችው። ገንዳውን አልፋ፣ ፍሉ ከድንጋዩ ወደሚወጣበት ሄደች። አፉን አጠበችው፤ ምላሱን በነጠላዋ ጠረገችው። ከማዶ ያቺ እግሯ የቆሰለ ሴት ፊቷን አዙራ ነበር።

አባቴ ወዲያው ስለ አጎቴ አነሡ። ሹሙ በእጁ ዝንብ እንደሚያባርር አደረገ። አስተርጓሚው፣ “ዛሬ በዓል ነው፤ የእስር ቤት ወሬ አይወራም። ሰኞ ቢሮ ይምጡ ብለዋል” አላቸው።

“ልጁን ይዤ?”

አስተርጓሚው ጠየቀ። “አዎ፣ ልጁን ይዘው።”

በመልሱ ጉዞ አባቴ ሲናገሩ ነበር። “አለቀ፤ አባትና ልጅ ሆነዋል። አላየሽም እንዴ ደስ ሲለው?” ይሏታል። እናቴ፣ “ውሻውንም ደስ ብሎታል” አለቻቸው።

እሑድ እናቴ እንደ ልማዷ ስንቅ አደረሰች። አገልግሉ ባዶውን ተመለሰ። ማታውን የአጎቴን ጋቢ ከሣጥን አውጥታ ነበርና ሰኞ ጠዋት አጥፋ ሰጠችኝ። “እስር ቤት የለበሰው ተባይ አለበት። እንደወጣ ይሄን ይልበስ” አለችኝ። እሷ ጠላና ምግብ እያዘጋጀች ቀረች። ወንድሜን አዝዬ፣ ጋቢውን ታቅፌ አባቴን ተከተልኩ።

ቢሮው ግቢ ውስጥ አስተርጓሚው ከደረጃው ሥር አገኘን። አባቴን እጃቸውን ይዞ ወደ ግንቡ ጥግ ወሰዳቸው። እኔ አብሬ ሄድኩ፤ ልጅ ስለሆንኩ አልከለከለኝም።

“ጌታዬ፣ ባይጠይቋቸው ይሻላል” አለ።

“ለምን?”

“የባለቤትዎ ወንድም እዚህ የሉም። ሐሙስ ዕለት ከሌሎች ጋር በካሚዮን ጭነው ወደ ጎንደር ወስደዋቸዋል። በዚያ መኪና ከተጫነ የተመለሰ አላየሁም።”

“ሐሙስ?” አሉ አባቴ።

“ሐሙስ።”

ልደቱ ቅዳሜ ነበር። አገልግሉ ዓርብም እሑድም ባዶውን ተመልሷል።

“ታዲያ ጌታው ቅዳሜ ያውቁ ነበር?”

የደረጃው በር ተከፈተና ሹሙ ከሁለት መኮንኖች ጋር ወጣ። ውሻው ከኋላው ነው። አባቴን አየ፤ ወንድሜን ጀርባዬ ላይ አየ። ፊቱ በራ። ለመኮንኖቹ በፍጥነት አንድ ነገር ነገራቸው። እነሱም ቆሙ። ሹሙ ጓንቱን አውልቆ አውራ ጣቱን ወደ እኛ ቀሰረና በሌላው እጁ ኑ አለ። በጣቱ ላይ ያን ቀን ምንም አልነበረበትም።

አባቴ ግንቡን ተደግፈው ነበር። የሰሙትን ሰምተዋል። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፊታቸው ላይ ያ የወንዛዬው ሳቅ ቀስ እያለ ሲመጣ አየሁት። ወደ እኔ ዘወር አሉ።

“አውርጂው” አሉኝ።

ወንድሜ አንገቴን አጥብቆ ያዘ። አባቴ ራሳቸው ከጀርባዬ አላቅቀው አወረዱት፤ እጀ ጠባቡን አስተካከሉለት፤ ከኋላ ራሱን ይዘው ወደ ደረጃው ገፋ አደረጉት።

“ሂድ፣ አባትህ ይጠራሃል” አሉት።

ልጁ አልሄደም። ዞሮ እኔን አየ። ጋቢውን ዘረጋሁ፤ ወንድሜን በአጎቴ ጋቢ አዘልኩና ከግቢው ወጣሁ።